«የለብህም» ክልከላ ነው ወይስ ፈቃድ?
በእንግሊዝኛ የግዴታ ቃላት አፈታት ላይ የቀረበ ሒስ

የእንግሊዝኛ የግዴታ ረዳት ግሦች ወደ አማርኛ ሲፈቱም ሆነ ከአማርኛ ሲገለበጡ፣ የሚገባቸውን ያህል ክርክር አልተደረገባቸውም። በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ዝርዝር «ማስት፦ አለበት፤ ሃቭ ቱ፦ አለበት፤ ሹድ፦ ይገባዋል» ብሎ ያልፋል። ተርጓሚውም ይህንኑ ዝርዝር ከልጅነቱ ጀምሮ ተሸክሞ ወደ ሥራው ይገባል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ዝርዝሩ በአዎንታ ሲነበብ ደኅና መስሎ፣ በአሉታና በኀላፊ ጊዜ ግን ሐሳቡን ገልብጦ እንደሚያቀርብ ማሳየት ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ካለው ኑሮ የተወሰዱ ናቸው። በዚያ አካባቢ ተማሪው በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በአማርኛ ሲማር ቆይቶ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ያገኛል። ገበሬው፣ ሕመምተኛውና የፋብሪካ ሠራተኛው ደግሞ በእንግሊዝኛ የታሰበውን መመሪያ በአማርኛ ይሰማሉ። ስሕተቱ ቢፈጸም የሚያርፈው በእነዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የአማርኛው «አለበት» ምን ዓይነት ቃል እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል። በአማርኛ ግዴታ ሸክም ነው። «አለ» በሚለው ግሥ ላይ «ብ» ስትቀጠል ነገሩ በሰውየው ላይ መሆኑን ታመለክታለች። ስለዚህ «መቶ ብር አለብኝ» የሚለውና «መሄድ አለብኝ» የሚለው በአሠራራቸው አንድ ናቸው፤ በመጀመሪያው ገንዘቡ፣ በሁለተኛው ሥራው በተናጋሪው ላይ ተጭኗል። እንግሊዝኛም በመነሻው ከዚህ የራቀ አልነበረም። «ኦት» የሚለው ቃል «ዕዳ አለበት» ማለት ከሆነው «ኦው» ከሚለው ግሥ የኀላፊ መልክ የወጣ ነው፤ «ሻል»ም በጥንታዊው እንግሊዝኛ የዕዳን ትርጉም ይዞ ይነገር ነበር። እንግዲህ ሁለቱ ቋንቋዎች የተለያዩት ከአንድ ሐሳብ ተነሥተው ነው። እንግሊዝኛ የዕዳውን መነሻ ረስቶ የግዴታውን ምንጭና ክብደት ለየቃሉ ሲያከፋፍል፣ አማርኛ ዕዳውን በግልጽ እንደያዘ ቆይቷል።

በአዎንታ ይህ ልዩነት ብዙም አይጎዳም። ሰዋስው አስተማሪዎች እንደሚሉት «ማስት» ተናጋሪው ራሱ የሚጭነውን፣ «ሃቭ ቱ» ደግሞ ከውጭ የመጣውን ግዴታ ወደ መግለጽ ያዘነብላሉ። «ለዕድሩ መዋጮ መክፈል አለብኝ» የሚለው አማርኛ ግን የግዴታው ምንጭ ኅሊና ይሁን የዕድሩ ደንብ አይናገርም። ተማሪው ከሁለቱ አንዱን ቢጽፍ የሚያዛንፈው ነገር ጥቂት ነው። አስተማሪዎቻችን ግን አብዛኛውን ሰዓት የሚያጠፉት በዚህኛው ልዩነት ላይ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው በአሉታ ነው። እንግሊዝኛ «ማስት ኖት» ሲል አሉታው የሚያርፈው በድርጊቱ ላይ ስለሆነ ድርጊቱ ተከለከለ ማለት ነው። «ኒድ ኖት» ወይም «ዱ ኖት ሃቭ ቱ» ሲል ግን አሉታው የሚያርፈው በግዴታው ላይ ነው፤ ግዴታው ተነሣ፣ ማድረግም አለማድረግም ይቻላል ማለት ነው። የአማርኛው «የለብህም» በመልኩ ከሁለተኛው ወገን ነው። «መቶ ብር የለብኝም» ያለ ሰው ዕዳ የለብኝም ማለቱ ነውና፣ በዚሁ ደንብ «መዋሸት የለብህም» ማለትም «የመዋሸት ዕዳ የለብህም» መሆን ነበረበት። ይሁን እንጂ ይህን ሰምቶ «ብዋሽም ባልዋሽም ፈቃዴ ነው» ብሎ የሚረዳ አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ አትዋሽ ተብያለሁ ይላል። መልኩ ግዴታን ያነሣል፤ ልማዱ ድርጊትን ይከለክላል። በሌላ በኩል በበዓል ዋዜማ «ነገ ቢሮ መግባት የለብኝም» ያለ ሠራተኛ ነገ ነጻ ነኝ ማለቱ ነው። ይህንኑ ዐረፍተ ነገር ከሥራ የታገደ ሰው ቢናገረው ግን ክልከላ ይሆናል። ለይቶ የሚያሳውቀው ቃሉ አይደለም፤ ሁኔታው ነው።

ሰው ከሰው ፊት ለፊት ሲነጋገር ሁኔታው ሥራውን ይሠራል። በወረቀት ላይ ግን ሁኔታው ይጠፋል። ለምሳሌ ከመድኃኒት ጋር የሚሰጥ መመሪያ «ዩ ኒድ ኖት ቴክ ኢት ኦን አን ኤምፕቲ ስቶመክ» ይላል እንበል። ሐሳቡ በባዶ ሆድ መዋጡ ግዴታ አይደለም፣ ከምግብ በኋላም ይዋጣል የሚል ነው። በሰሌዳው ዝርዝር የሠለጠነ ተርጓሚ «በባዶ ሆድ መውሰድ የለብሽም» ብሎ ይጽፈዋል። ከጃቢ ጠህናን ገጠር ሳይነጋ ተነሥታ ፍኖተ ሰላም የደረሰች እናት ይህ ሲነበብላት፣ እህል እስክትቀምስ ድረስ ኪኒኑን በመቀነቷ ቋጥራ ትቆያለች። ሰዓቱም ያልፋል። ማንም አልዋሸም፤ ቃል በቃልም ቢመረመር ትርጉሙ «ስሕተት ነው» ለማለት ያዳግታል። የተሰማው ግን ከተጻፈው ተቃራኒ ነው።

የበቆሎውም ነገር ከዚህ አይለይም። በቡሬ ዙሪያ በቆሎ የሚያመርት ገበሬ ዩሪያን ከፍሎ እንዲሰጥ ይመከራል፤ ከፊሉ በዘር ጊዜ፣ ከፊሉ ቡቃያው ጉልበት ሲደርስ ይጨመራል። ይህን የሚያስረዳ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር «ዩሪያው በሙሉ በዘር ጊዜ መጨመር የለበትም» ተብሎ ቢገለበጥ ሦስት ፍቺ ይወጣዋል፦ አንድ ላይ መጨመሩ ግዴታ አይደለም፤ አንድ ላይ መጨመሩ ክልክል ነው፤ ወይም በዘር ጊዜ ቅንጣት ዩሪያ እንዳይነካው። ገበሬው ራሱ ለጎረቤቱ ሲያስረዳ የግዴታ ቃል አያነሣም፤ «ግማሹን ስትዘራ፣ ግማሹን ጉልበት ሲያክል» ይላል፣ ያበቃል። ተርጓሚ ከዚህ የሚማረው አለ። እንግሊዝኛው ረዳት ግሥ ስለያዘ ብቻ አማርኛው ረዳት ግሥ መያዝ አይኖርበትም።

አማርኛ ሁለቱን ሐሳቦች የሚለይበት መሣሪያ አጥቶ አይደለም። ለክልከላ «አይገባም»፣ «አይቻልም»፣ «ክልክል ነው»፣ «እንዳትወስጂ» አሉት። ለግዴታ መነሣት «ግዴታ አይደለም»፣ «ግድ የለም»፣ «ባትወስጂም ይሆናል» አሉት። ከእነዚህ ውስጥ «ግድ የለም» ለሕግና ለመመሪያ እጅግ ልል ነው፤ «አያስፈልግም» የሚለውም አስተማማኝ አይደለም። ጥበቃው «እዚህ መቆም አያስፈልግም» ሲል የመቆምን ጥቅም እየመዘነ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። በበኩሌ ለ«ኒድ ኖት» በጽሑፍ የምመርጠው «ግዴታ አይደለም» የሚለውን ነው፤ «ባዶ ሆድ መሆን ግዴታ አይደለም፤ ከምግብ በኋላም መውሰድ ይቻላል» ቢባል እናቲቱ ኪኒኑን ትውጠዋለች። ዐረፍተ ነገሩ ይረዝማል፤ ይርዘም።

ወደ እንግሊዝኛ ሲኬድም ጉዳቱ ያው ነው። «ነገ በዓል ስለሆነ ወንድሜ ትምህርት ቤት መምጣት የለበትም» የሚለውን ተማሪው «ሂ ማስት ኖት ካም» ብሎ ቢጽፍ፣ እንግሊዛዊ አንባቢ ልጁ ምን አጥፍቶ ተባረረ ብሎ ይጠይቃል። መፍትሔው ተማሪው ገና ብዕሩን ሳያነሣ «የተከለከለ ነው ወይስ ግዴታው የተነሣለት?» ብሎ ራሱን በአማርኛ እንዲጠይቅ ማስለመድ ነው። የእንግሊዝኛው ሰዋስው ከዚያ በኋላ ቀላል ነው።

የኀላፊው ጊዜ ወጥመድ ደግሞ ሌላ ነው። «ቡሬ ገበያ መሄድ ነበረብኝ» ያለ ሰው ሄዷል ወይስ አልሄደም? አማርኛው አይናገርም። «ነበረብኝና በሌሊት ተነሣሁ» ብሎ ቢቀጥል ሄዷል፤ «ነበረብኝ፣ ግን ዝናቡ ያዘኝ» ቢል ቀርቷል። እንግሊዝኛ ግን ይህን ለሰሚው አይተውም። «ሃድ ቱ ጎ» ካለ በተለመደው አነጋገር ሄዷል፤ «ሹድ ሃቭ ጎን» ካለ ቀርቷል፣ ጸጸትም አለበት። ተርጓሚው ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል፤ ሲመርጥም ተናጋሪው ያልተናገረውን ይጨምራል። ይህ በልብ ወለድ ቢሆን ቀላል ነው። በውጭ አገር የስደተኝነት ማመልከቻ በሚሰማበት ችሎት ፊት ግን «ለፖሊስ ማመልከት ነበረብኝ» ያለ ኢትዮጵያዊ፣ በአንዱ ትርጉም ያመለከተ፣ በሌላው ትርጉም ማመልከት ሲገባው ያላመለከተ ሰው ሆኖ ይመዘገባል። በእንዲህ ያለው ቦታ አስተርጓሚው ከመገመት ይልቅ «አመለከቱ ወይስ ሳያመለክቱ ቀሩ?» ብሎ ለመጠየቅ ፈቃድ ቢለምን ሙያው አይጓደልበትም።

«ይገባል» የሚለው ቃል ለብቻው ሊጤን የሚገባው ነው፤ ይህን ዐረፍተ ነገር ስጽፍ እንኳ እሱን ሳልጠራ ማለፍ አልቻልሁም። «ገባ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስለሆነ፣ ነገሩ ለሰውየው ገጥሞና ተስማምቶ መገኘቱን ያሳያል። ስለዚህም መብትንና ግዴታን በአንድ አፍ ይናገራል። የጎጃም ባለርስት «መሬቱ ይገባኛል» ሲል መብቱን መጠየቁ ነው፤ የርስት ሙግት «የይገባኛል ክርክር» የሚባለውም ከዚህ ነው። ይኸው ሰው «ግብር መክፈል ይገባኛል» ሲል ግን ግዴታውን ማመኑ ነው። በአሮጌው የርስት ሥርዓት ሁለቱ የተራራቁ አልነበሩም፤ ግብር መክፈል የርስት ማስረጃ ሆኖ ይቆጠር ነበር። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅን ተቃውሞ ሲነሣ፣ ከሥጋቶቹ አንዱ አዲሱ ግብር መሬቱን ለማስለካትና ርስቱን ለማሳጣት መንገድ ይሆናል የሚል ነበር። በአገሬው ዘንድ መብትና ግዴታ እንዲህ ተያይዘው ስለኖሩ፣ አንድ ቃል ሁለቱንም መያዙ የሚያስደንቅ አይደለም።

ግእዙም «ይደሉ» በሚለው ቃል እንዲሁ ያደርጋል፤ ሹመት ሲሰጥ «ይደልዎ» የሚባለው ይገባዋል ለማለት ነው። በእነ ዋሸራና በእነ ዲማ የተማረ የቅኔ ተማሪ አንድን ቃል ከነአገባቡ እንጂ ብቻውን አይዝም። በሰሌዳው ዝርዝር የተማረው ልጅ ያጣው ይህንኑ ነው።

እንግሊዝኛ ለመብት «ኢንታይትልድ» የሚል፣ ለምክርና ለአግባብ «ሹድ» የሚል የተለያየ ቃል አለው። «ሠራተኛው በዓመት ዕረፍት መውጣት ይገባዋል» የሚለው የሥራ ውል በ«ሹድ» ከተገለበጠ መብቱ ምክር ሆነ ማለት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚሰጠው የ16 የሥራ ቀን ዕረፍት ግን ምክር አይደለም። ቡሬ ላይ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመሠረተ ወዲህ የውል ወረቀት በሁለት ቋንቋ መጻፉ ለአካባቢው ሰው ሩቅ ነገር አይደለምና፣ ጉዳዩ የመምህራን ጨዋታ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ሕግን በተመለከተ ደግሞ ከተጠበቀው ተቃራኒ የሆነ ነገር እናገኛለን። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በዣን ግራቨን፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በረኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቅቀው ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉመዋል። ፈረንሳይኛው የሕግን ትእዛዝ በተራ የአሁን ወይም የትንቢት ግሥ ይናገራል፤ እንግሊዝኛው «ሻል» ይጨምራል፤ አማርኛውም እንደ ፈረንሳይኛው «ይቀጣል» ብሎ ያቆማል። «ሻል»ን ባየ ቁጥር የግዴታ ቃል መጨመር የሚወድ ተርጓሚ «ሊቀጣ ይገባዋል» ቢል ያጠነከረ ይመስለዋል። ያላላው ግን እሱ ነው። «ይቀጣል» ፍርድ ነው፤ «ሊቀጣ ይገባዋል» ግን ገበያ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ሊሰጠው የሚችል አስተያየት ነው። «መቀጣት አለበት»ም ቢሆን የቁጣ ድምፅ አለው። በአማርኛ ሕግ ከሁሉ የሚጠነክረው ምንም ረዳት የሌለው ትንቢት ነው። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በነጋሪት ጋዜጣ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ሲለያዩ የሚጸናው አማርኛው ስለሆነ፣ እዚህ ላይ የሚፈጸም መላላት በእንግሊዝኛው አይታረምም።

ፈቃድን ከግዴታ አለመለየት ምን እንደሚያስከትል ከእኛ ይልቅ የተማረ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። የውጫሌው ውል በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. ሲፈረም የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ «ይቻላቸዋል» ይል ነበር። ጣልያን በበኩሏ የራሷን ቅጂ ይዛ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር የሚያደርጉት ግንኙነት በእርሷ በኩል እንዲሆን ተገደዋል አለች። የቀረውን አንባቢ ያውቀዋልና አላስረዝመውም።

«ማስት» ግምትን ሲገልጽ ያለው ነገር ቀላል ቢመስልም የሚያስቅ ስሕተት ያወጣል። «ሂ ማስት ቢ ሲክ» የሚለው «መታመም አለበት» ተብሎ ሲተረጎም ሰምተናል፤ እንዲህ ከሆነ ሰውየው እንዲታመም የተፈረደበት ነው። ዛሬ የሚዘወተረው «ታሞ መሆን አለበት» ስሕተት ነው አልልም፤ ሆኖም ግምትን ለመግለጽ «ሳይታመም አይቀርም» የሚለው የቆየ አነጋገር ከግዴታው ጋር ስለማይምታታ እሱን እመርጣለሁ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በቢሮና በዜና አማርኛ «ይጠበቅበታል» የሚለው ቃል የግዴታን ቦታ እየወሰደ ነው። «ኃላፊው ሪፖርት ማቅረብ ይጠበቅበታል» ይባላል። የሚጠብቀው ማን ነው? ባያቀርብስ ምን ይሆናል? አይታወቅም። ቃሉ የእንግሊዝኛውን «ኤክስፔክትድ» ጥላ ይዞ የመጣ ይመስላል። እንግሊዝኛው ግን እንዲህ ሲል ብዙ ጊዜ ትእዛዝን በጨዋነት መሸፈኑ ነው፤ የእኛው ሲተረጎም ጨዋነቱ ቀርቶ ትእዛዙ ይተናል። «ማቅረብ አለበት» ለማለት የሚፈራ ጸሐፊ «ያቀርባል» ይበል።

የመዝገበ ቃላት ሥራን በሚመለከት ቮልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ መፍታቱ ትክክለኛ መንገድ ነው። ከዚያ ወዲህ ለተማሪ የሚዘጋጁ አጫጭር የቃላት ዝርዝሮች ግን ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ዐረፍተ ነገሩን አስቀርተው አቻውን ብቻ ይዘዋል። ለስሞች ይህ ባልከፋ ነበር፤ «ፕላው» ማረሻ ቢባል የሚጎዳ የለም። ለረዳት ግሦች ግን እያንዳንዱ መግቢያ ቢያንስ አዎንታውን፣ አሉታውንና ኀላፊውን በየራሱ ዐረፍተ ነገር ማሳየት ይኖርበታል። «ማስት» በሚለው ሥር «ማስት ኖት፦ አይገባም፣ ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፎ፣ አንባቢው «ኒድ ኖት»ን እንዲያይ መመራት አለበት፤ በ«ኒድ ኖት» ሥር «ግዴታ አይደለም» መኖር አለበት፤ በሁለቱም ሥር «የለበትም» ብቻውን መቆም የለበትም። ይህኛው «የለበትም» ክልከላ ነው።

አንድ ጉዳይ ለቃላት ስያሜ ባልደረቦች ትቼ ላልፍ እወዳለሁ። በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ሰነዶች «ሻል» መስፈርትን፣ «ሹድ» ምክርን፣ «ሜይ» ፈቃድን እንዲገልጹ በደንብ ተወስኖላቸዋል፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ከቡሬ ዙሪያ የሚሰበሰብ በቆሎና በርበሬ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ ለገበያ ሲቀርብ የሚመዘነው እንዲህ ባሉ ሰነዶች ነው። እኔ ለ«ሻል» ተራውን ትንቢት ወይም «አለበት»ን፣ ለ«ሜይ» «ይፈቀዳል»ን፣ ለ«ሹድ» ደግሞ «ይመከራል»ን አቀርባለሁ። «ይገባል»ን ከዚህ ውስጥ ያወጣሁት ከላይ ስለተባለው ነው። «ሹድ ኖት» ግን አሁንም ያስቸግራል፤ «አይመከርም» የሚለው አማርኛ በብዙ ሰው ጆሮ ከምክርነት አልፎ ወደ ክልከላ እየተጠጋ ነውና፣ «ባይደረግ ይመረጣል» የሚለውን መሞከር ይሻል ይሆናል።